ስድሳ ሺህ ፖይንት

ባል ስመርጥ ይህን ያህል አልተጨነቅሁም። ባለቤቴን ሁለት ጊዜ ሻይ ጠጥተን ነው ያገባሁት፤ ክሬዲት ካርዱን ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ መረጥኩት። መረጥኩት ስል እንኳ ውሸቴን ነው፣ የመረጠልኝ ወንድሜ ነው። እኔ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ወትፌ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" ስል ነው የከረምኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን ደሴ ናት። አባታችን ከሞተ ወዲህ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉልበቷ ሳይከዳት፣ በረመዷን፣ መካ ሄዳ ዑምራ፣ ያን ትንሹን ሐጅ፣ ማድረግ። ጉልበቷ ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ አልሆነም። አምና ቆማ ነበር የምትሰግደው፣ ዘንድሮ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሆኗል። "ልጄ፣ በወንበር የጀመረ አልጋ ላይ ነው የሚጨርሰው" አለችኝ አንድ ቀን፣ እየሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከአዲስ አበባ መካ የሚያደርሰንን የሁለታችንን ትኬት፣ ቪዛና ሆቴል አዲስ አበባ ላለ የጉዞ ወኪል በባንክ ልኬ ጨረስኩ። ካርድ የሚባል ነገር አይቀበሉም። ያጠራቀምኳት ገንዘብም እዚያው አለቀች። የቀረው እኔን አዲስ አበባ የሚያደርሰኝ ትኬት ነው። ከዱዓ በቀር አረብኛ የማታውቅ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ብቻዋን አልሰድም። እኔ ካልሄድኩ እሷም አትሄድም ማለት ነው።

ሁለታችንም አሜሪካ ነን፤ ወንድሜ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ። በዕድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፣ በካርድ ደግሞ በስምንት። ስምንቱንም በላስቲክ አስሮ ነው የሚዞረው። ቤንዚን በዚህ፣ አስቤዛ በዚያ፣ ምግብ ቤት በሌላው። ካሸሯ ፊት ቆሞ አንድ በአንድ ሲያገላብጣቸው ከኋላው የተሰለፈው ሰው ቢቆጣ ግድ የለውም። ካርድ በተጠቀመ ቁጥር ባንኩ የሚቆጥርለትን፣ በአውሮፕላን ትኬት የሚመነዘረውን ያን ሁሉ ፖይንት ምን እንደሚያደርግበት አላውቅም ነበር፣ አገር ቤት ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከፖይንትህ ስጠኝ ለማለት ግን ይሉኝታ ያዘኝ። ሦስት ልጆች አሉት፣ አንድ ቀን ሊያንሸራሽራቸው ይሆናል አልኩ።

"ይሄኛው ዓመታዊ ክፍያ የለውም" ይለኛል ሰኞ።

"እንግዲያው እሱን ልያዝ።"

"አይ፣ ውጭ አገር ስትከፍዪበት ከመቶ ሦስት ይቆርጥብሻል። መካ ላይ ለእማ ውሃ በገዛሽ ቁጥር ለባንኩም እየገዛሽለት ነው።"

ማክሰኞ ሌላ ይዞ ይመጣል። ዓመታዊ ክፍያው አምስት መቶ ዶላር ነው፣ ግን ኤርፖርት ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያስገባል።

"ማረፊያው ውስጥ ምን አለ?"

"ኦቾሎኒ አለ፣ ጁስ አለ፣ ሶፋ አለ።"

"አምስት መቶ ዶላር ከፍዬ ኦቾሎኒ ልበላ?"

የካልኩሌተሩን ቁልፍ ሲጫን ሰማሁት። እያሰበበት ነበር መሰለኝ። ሐሙስ ላይ በሦስት ቀለም የተቀባ ሰንጠረዥ ላከልኝ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ አየውና "ይሄ ሰው ሥራ የለውም እንዴ?" አለ። አለው፤ ያውም ሁለት።

በመጨረሻ አንዱ ላይ ተስማማን። ዓመታዊ ክፍያው ዘጠና አምስት ዶላር ነው፣ ውጭ አገር አይቆርጥም፣ በሦስት ወር ውስጥ አራት ሺህ ዶላር ከተጠቀምኩበት ደግሞ ስድሳ ሺህ ፖይንት ይሰጠኛል። ስድሳ ሺህ ፖይንት አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ነው። ካርዱ በፖስታ በደረሰኝ ዕለት ቀኑን ካላንደሩ ላይ በቀይ ከበብኩ፣ ሦስት ወር ቆጥሬ መጨረሻውንም ከበብኩ።

አራት ሺህ ዶላር ማጥፋት ቀላል ይመስላል። ሞክሩት። የምሠራው ሆስፒታል ኩሽና ውስጥ ነው፣ ምሳዬን እዚያው ነው የምበላው። የቤት ኪራይ በካርድ ልክፈል ብል ሌላ ክፍያ ይጨምሩብኛል። ልብስ አልወድም። በመጀመሪያው ወር አውጥቼ አውጥቼ ሰባት መቶ አልሞላም። ዕድሜ ልኬን ገንዘብ አታባክኚ ስባል ኖሬ፣ አሁን ባለማባከኔ ልቀጣ ሆነ።

"የሰው ወጪ በአንቺ ካርድ ይከፈል" አለ ወንድሜ። "እነሱ ካሹን ይሰጡሻል። ፈረንጆቹ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።"

"ፈረንጆቹ" ባለኝ ጊዜ ነበር ስልኩን መዝጋት የነበረብኝ።

አንዲት ጓደኛ አለችኝ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ ከእኛ ሁለት ፎቅ በታች ነው የምትኖረው። ልብስ ማጠቢያ ማሽናቸው ተበላሽቶ አዲስ ሊገዙ መሆኑን ሰማሁና "በእኔ ካርድ ግዙት" አልኳት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት።

"ቸገራቸው ብሎ ማን ነገረሽ?"

"ኧረ እንደሱ አይደለም።"

"አላህ ይስጥልኝ፣ አልቸገረንም። ባሌ ይሠራል፣ እኔም እሠራለሁ።"

ስለ ፖይንቱ ላስረዳት ስሞክር ጭራሽ ባሰ፣ ሰበብ የፈጠርኩ መሰላት። ማሽኑን በማግስቱ በካሽ ገዙት። ለአንድ ሳምንት ሰላምታዋ ቀዘቀዘብኝ።

ከዚያ ምሳው መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን መስጊድ ቁርአን ሲቀሩ እኛ ሰባት እናቶች በአቅራቢያው ካለች ሐላል ምግብ ቤት ገብተን እንበላለን። ለሰባት ሰው ሁለት መቶ ዶላር ያልፋል። እኔ በካርድ እከፍላለሁ፣ እያንዳንዷ ድርሻዋን በካሽ ትሰጠኛለች፣ በቃ። ዓረፍተ ነገሩን መኪና ውስጥ ሁለቴ ተለማምጄዋለሁ። ሂሳቡ ሲመጣ ካርዴን አወጣሁና "እኔ ልክፈልና..." አልኩ።

"ልክፈል" ካልኩ በኋላ ያለውን ማንም አልሰማኝም። ስድስት ሴት አንድ ላይ ተነሳ። አንዷ "ወላሂ አትከፍዪም" ብላ ማለች፣ ሌላዋ የአስተናጋጇን እጅ ያዘች፣ የኮምቦልቻዋ ቦርሳዬን ቀምታ ከጀርባዋ ደበቀች። ሂሳብ መሻማት ላይ ደግሞ እኔም ሰው ነኝ፣ ደሜ ፈላ። ሩብ ሰዓት ታገልኩ። "ወላሂ ዛሬ የምከፍለው እኔ ነኝ" ብዬ እስክምል ድረስ ታገልኩ። አሸነፍኩ። ካርዱን ሰጠሁ፣ ፈረምኩ። እነሱም ተቀምጠው "አላህ ይተካልሽ፣ ከዚህ የበለጠ ይስጥሽ" እያሉ ይመርቁኝ ጀመር። እስኪ አሁን ምን አፍ ይዤ ነው፣ "አሜን፣ እያንዳንዳችሁ ሠላሳ ሠላሳ ዶላር" የምለው? አሜን ብቻ ብዬ ሻዬን ጠጣሁ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጋባዥ ነኛ፤ ብድር ተመለሰ። ቀጣዩን ቅዳሜ "ባለፈው አንቺ ነሽ የከፈልሽው" ብለው አስቀመጡኝ፣ የሚቀጥለውንም እንዲሁ። ለአምስት ቅዳሜ አንድ ዶላር አላስከፍል አሉኝ። ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ጾሙን ዋለ። ለወንድሜ ደውዬ "ፈረንጆችህ ጋ እንደዚህ አለ ወይ?" ብለው "አንቺ መናገር አትችዪበትም" አለኝ። እሱ በሕይወቱ ሰው ጋብዞ ካሽ ተቀብሎ ያውቅ ይመስል።

እንዲያም ሆኖ ገፋሁ። ጥርሴን ተሞላሁ። የልጆቹን የብርድ ጃኬት፣ ምን ልበላችሁ፣ ሁለት ቁጥር የሚበልጣቸውን ገዛሁ፣ ያድጉበታል። ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ሁለት መቶ አርባ ዶላር ቀረኝ። በቀዩ ክብ መሠረት ገና አሥራ ስድስት ቀን አለኝ። ቅዳሜ እነዚያኑ ስድስት ሴቶች ራሴ እጠራቸዋለሁ፣ "ግብዣው የእኔ ነው" ብዬ አስቀድሜ እናገራለሁ፣ በአንድ ምሳ እዘጋዋለሁ አልኩ። ካሹ ይቅር፣ ምርቃቱን ወስጄ ፖይንቴን ልያዝ።

ተናገርኩ። መጡ። ማንም አልተከራከረኝም፤ ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። በላን፣ ሳቅን፣ ተጫወትን። ካርዴን ይዤ ወደ አስተናጋጇ ስሄድ "ተከፍሏል እኮ" አለችኝ። የኮምቦልቻዋ ናት። ገና ስትገባ፣ እኔ እጄን ስታጠብ፣ ካርዷን ሰጥታ ጨርሳለች። ሂሳቡ ሁለት መቶ ሰባ ሁለት ነበር።

ደጅ ይዣት ወጣሁ። "ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ?" አልኳት።

"የእናትሽ ጉዞ አለብሽ አይደል?" አለችኝ። "አንድ ዶላር እንዳትበትኚ። እዚያ ስትደርሱ ለእኔም ዱዓ አድርጉልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

እንዲህ ያለችን ሴት ምን ትሏታላችሁ? አቅፌ ሳምኳት። በውስጤ ግን አንቄ ብገድላት ደስ ይለኝ ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ማክሰኞ ሄጄ ገና አንድ ክረምት የሚያወጡትን የመኪናዬን ጎማዎች አስቀየርኩ። አራት ሺው ሞላ፣ እንዲያውም አለፈ። ፖይንቱን ጠበቅኩ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ምንም የለም። በሥራ ዕረፍቴ ላይ ባንኩ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ማር ነው። ሦስቱ ወር የሚቆጠረው ካርዱ ከተፈቀደበት ቀን ጀምሮ ነው አለችኝ፣ እጄ ከገባበት ቀን አይደለም። ካርዱ ፖስታ ውስጥ አሥራ ሁለት ቀን ቆይቷል። የእኔ ጊዜ ያለቀው እሑድ ነው፣ ከግብዣው ማግስት። የዚያ ምሳ ሂሳብ በካርዴ ቢከፈል ኖሮ ይበቃኝ ነበር። "ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?" ስትለኝ የለም አልኳት።

ረመዷን አምስት ሳምንት ቀርቶታል። እሑድ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ከልጆቹ ጋር ወጥታለች፣ እሱ ብቻውን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀምጧል። ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ያለው ነገር ምን መሰላችሁ? "ባንኩ የላከልሽ የመጀመሪያው ኢሜይል ላይ ተጽፎ ነበር እኮ።"

ያኔ ፈነዳሁ። ሰንጠረዡን፣ ኦቾሎኒውን፣ ፈረንጆቹን፣ ሁሉንም ላዩ ላይ አወረድኩበት። "ይሉኝታ ይዞኝ እንጂ አንተን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ" አልኩት። "ስንት ፖይንት ነው ያለህ?"

"አራት መቶ ሺህ ገደማ።"

"አራት መቶ ሺህ። ለምንህ ነው?"

ላስቲኩን ከካርዶቹ ላይ እያወለቀ ያስገባል።

"ለእማ ነው" አለ።

"ለእማ ምን?"

"ስልኩ የሚመጣ ቀን የዚያኑ ዕለት እንድነሳ። አባባ ሲሞት ትኬት አጥቼ በሦስተኛው ቀን ነው የደረስኩት፣ ታውቂ የለ? ያን ጊዜ ለራሴ ማልኩ። የእሷ ቀብር አያመልጠኝም።"

አሥራ አንድ ዓመት። ቤንዚን ሲቀዳ፣ ወተት ሲገዛ፣ ሰው ከኋላው ቆሞ ሲያጉረመርም፣ ይሄ ሰው የእናቱን ቀብር ሲያጠራቅም ኖሯል። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። አሳዘነኝ፣ ማዘን ብቻም አይደለም፣ ፈራሁ።

"እኛ በዕለቱ ነው የምንቀብረው" አልኩት። "ጠዋት ከሞተች ከሰዓት፣ ለዐስር ሶላት፣ አፈር ገብታለች። አንተ ከዚህ የዚያኑ ሰዓት ብትነሳ በማግስቱ ነው የምትደርሰው። አራት ሚሊዮንም ቢኖርህ ቀብሯ ላይ አትደርስም።"

አየኝ። ይህን የማያውቅ ሆኖ አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ምድር የመጣ እስላም የማያውቀው ነገር አይደለም። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሰዓቱን አልቆጠረውም። ያ ሁሉ ሰንጠረዥ የሚሠራ ሰው። ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አንገቱን ደፋ። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረውና "ፓስፖርትሽ ላይ ያለውን ስም ጻፊ" አለኝ። ሁለት ትኬት ቆረጠ፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ እስከ መካ የሚያደርሰው የእሱ። እማን አዲስ አበባ አግኝተን ሦስት ሆነን ልንሄድ ነው።

እዚያው ሆነን ደወልን፣ ደሴ መግሪብ ተሰግዶ ነበር። እኔ ነኝ ያወራኋት።

"እማ፣ መምጣቴ ነው። እሱም አብሮኝ ይመጣል፣ ሁለታችንም።"

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"ሁለታችሁም?" አለች ቀስ ብላ። "ማን ሞቶ ነው?"

"ማንም አልሞተም እማ።"

"አትደብቂኝ ልጄ። እሱ ያለ መርዶ አይመጣም። ማን ነው? ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ።"

"ማንም አልሞተም አልኩሽ፣ ወላሂ። ላንቺ ብለን ነው የምንመጣው።"

"እኔ እንደሆንኩ አልሞትኩ" አለች፣ ግራ ገብቷት።

ወንድሜ ስልኩን ከእጄ ወሰደው።

"ለዚያ ነዋ እማ" አላት።