መነጽሩና የጋቢናዋ ሴት

እኔ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው አላምንም። ድሮም አላምንም፣ አሁንም አላምንም። በርበሬ ስገዛ የማየው ጆንያውን ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱን ዓይን ነው። ከላይ ደረቁን፣ ከታች እርጥቡን አድርጎ የመጣ ሰው ዓይኑ ጆንያው ላይ አያርፍም፤ ወደ ሰማይ ያያል፣ ወደ አህያው ያያል። ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ስቀመጥ ኖሬ የተማርኩት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ታዲያ ዓይኑን ሸፍኖ የመጣን ሰው በምኑ ልመነው?

ደግሞስ ፀሐይ አዲስ መጣች እንዴ? እናቶቻችን የሚያዝያን ሐሩር በተፈጠሩበት ዓይን አይተው አልፈዋል። እኔም ቀኑን ሙሉ ዛላ ስቀነጥስ ዓይኔ ሲቃጠል በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ እቀጥላለሁ እንጂ መነጽር ግዙልኝ ብዬ አላውቅም። የከተማው ወጣቶች ‹‹ለጤና ነው፣ ጨረር ይከላከላል›› ይሉኛል። ይሁን። ከመሸ በኋላ የፀጉር ቤቱ በረንዳ ላይ ተደግፈው ሲያደርጉትስ የማንን ጨረር ነው የሚከላከለው? ይህን ስጠይቃቸው ይስቃሉ።

እንግዲህ እንዲህ በምለው በእኔ ቤት ነው ባለቤቴ ጥቁር መነጽር አድርጎ የገባው። ባለቤቴ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሲመላለስ ነው የሚውለው። ክረምቱ እንደወጣ አንድ ማታ በሩን ከፍቶ ሲገባ ሌላ ሰው መስሎኝ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

‹‹ምንድን ነው እሱ?›› አልኩት።

‹‹የአስፋልቱ ነጸብራቅ አስቸገረኝ።››

‹‹እዚህ ቤት ውስጥ አስፋልት አለ?››

‹‹የቤቱማ ያንቺ በርበሬ ነው። ብናኙ ዓይኔን ጨረሰው›› አለና ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ለአንድ መነጽር ሁለት ምክንያት ምን ያደርጋል? ማታ ጋደም ብዬ የአስፋልቱን ነገር አሰብኩት። ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ተሳፋሪዎች ጭኖ ወደ ቡሬ ሲሄድ ፀሐይ የምትወጣው ከጀርባው ነው። ማታ የመጨረሻዎቹን ይዞ ሲመለስ የምትጠልቀውም ከጀርባው ነው። የቱ ነጸብራቅ ነው ታዲያ የሚያስቸግረው?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየውን መከታተል ያዝኩ። ብዙ ነገሩ ተለውጧል። ለእራት ስንቀርብ በግራው በኩል ካልተቀመጥኩ አይሆንም ይላል። ድሮ የትም ብቀመጥ ግድ አልነበረውም። ስልኩን የሚያኖረው ደግሞ ከእኔ ወዲያ፣ በቀኝ ኪሱ ነው። አሃ፣ አልኩ በልቤ። እጁን ሳስታጥበው ጆጉ እዚህ እያለ እሱ እጁን ወዲያ ይዘረጋል፤ ውሃው መሬት ይፈሳል። ‹‹ልብህ የት ነው?›› ስለው ‹‹ደክሞኝ ነው›› ይለኛል። አንድ ማታ ሲገባ ቀኝ ትከሻውን ከመቃኑ ጋር አላተመው። ቀርቤ አሸተትኩት፤ አረቄም ጠላም አልሸተተኝም። ያልጠጣን ሰው በገዛ ቤቱ በር የሚያላትመው ሐሳብ ነው፣ ሐሳቡም ሴት ናት አልኩ።

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ጎረቤቴ መጣች። እህቷ ቡሬ ስለምትኖር በእሱ መኪና ስትመላለስ ብዙ ታያለች። ነገር ስታመጣ ታዞራለች እንጂ በቀጥታ አትናገርም። መጀመሪያ የበርበሬውን ቅላት አደነቀች፤ ከዚያ ‹‹ባለቤትሽስ ደህና ነው? ጨዋታ ወዳድ ሆኗል አሉ›› አለች። ከማን ጋር ብዬ ስይዛት አወጣችው። ጋቢና ውስጥ፣ ከጎኑ፣ አንዲት ሴት አትጠፋም። ቡሬ የምታስተምር መምህርት ናት። እሷ ወደ መንገዱ እያየች አንድ ነገር ትለዋለች፤ እሱ እሺ እሺ ይላታል።

‹‹እሺ እሺ ይላታል?›› አልኩ። እኔን እሺ ካለኝ ስንት ጊዜው!

በማግስቱ ዕቃዬን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ በሌላ መኪና ቡሬ ሄድኩ። ሰማዩ ደመና ነበር፤ ጥላ የሚጥል ፀሐይ እንኳን የለም። መናኸሪያው ውስጥ ከሸንኮራ ሻጮቹ ኋላ ቆሜ ጠበቅሁ። የእሱ ተራ ደረሰ። መኪናው እየሞላ ነው፤ እሱ ከኋላ ከረዳቱ ጋር ዕቃ ያስጭናል። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነው። ጋቢናው ውስጥ ግን ከመስኮቱ ጥግ አንድ አዛውንት ቄስ ብቻ ናቸው ያሉት። መምህርቷ የለችም። ሳትመጣ አትቀርም ብዬ ጠበቅሁ፣ ቀረች።

እንግዲያው የሷ ቦታ ላይ እኔ ልቀመጥ አልኩ። ዞር ሲል ያየኛል፤ ሲያየኝ ደግሞ እኔ ፊቱን አያለሁ። የፈለግሁት ይሄንን ነበር። መስቀላቸውን ተሳልሜ ‹‹አባ፣ ያሳልፉኝ›› ብዬ መካከል ገባሁ። ነጠላዬን ከፊቴ ገለጥ አደረግሁት፤ እንዳላየ እንዳይሆን።

መጣ። በሩን ከፍቶ ገባ፣ ተቀመጠ፣ መሪውን ያዘ። ‹‹እንደምን ዋላችሁ›› አለ ወደ ፊት እያየ።

‹‹እግዚአብሔር ይመስገን›› አሉ ቄሱ። እኔ ፊቱን ፊቱን አየሁት።

አልዞረም። አቤት ድፍረት! አይቶኛል፤ አይቶኝ ሳለ ሰው ፊት እንዳላየ ሆነ። መኪናው ከመናኸሪያው ወጥቶ ፍጥነት ሲይዝ ጉልበቴ ከማርሹ አጠገብ ነበር። ‹‹እህቴ፣ እግርሽን ትንሽ ሰብሰብ አድርጊልኝ›› አለኝ።

እህቴ! ልጆቹን የወለድኩለት ሴት! ሊያላግጥብኝ ነው አልኩ። እግሬን ሰበሰብኩ እንጂ ቃል አልተነፈስኩም።

ትንሽ እንደሄድን ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ‹‹ልጄ፣ ይሄ መነጽር ለደመናም ይሆናል?›› አሉ በቀስታ።

‹‹ደመናም ያንጸባርቃል፣ አባ።››

‹‹እንዲህ ነው? እኛ ሳናውቀው አረጀን›› አሉ። እኚህም ጠርጥረዋል አልኩ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እሱ ቀጠለ። ‹‹እህቴ፣ የቀኙ ስፖኪዮ ተሰብሮብኛል። ከቀኝ በኩል ጋሪ ወይም ከብት ሲመጣ ካየሽ ንገሪኝ፣ እሺ?››

የቀኙን ስፖኪዮ አየሁት። ደህና ነው። መስታወቱ ውስጥ የኋላው መንገድ፣ ዛፉ፣ የተሰጣው በርበሬ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። እንዴት ያለ ውሸት ነው? ለመምህርቷም የሚላት ይሄንን ነው ማለት ነው፤ ወሬ መጀመሪያ አድርጎታል። አልመልስልህም አልኩ። ጥርሴን እንደነከስኩ ማንኩሳ ደረስን፤ ማንኩሳንም አለፍን። ባሌ ከጎኔ ተቀምጦ አንድ ጊዜ እንኳን ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።

ጋሪውን እኔ ነኝ ያየሁት። ከቀኝ በኩል፣ ከበቆሎው ማሳ መካከል ከሚወጣው የአፈር መንገድ፣ ጆንያ የጫነ የፈረስ ጋሪ ወደ አስፋልቱ ይመጣል። ቀስ ይላል ብዬ የባሌን እግር አየሁ። ፍጥነት ጨመረ። የፈረሱ አንገት አስፋልቱ ላይ ወጣ፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ይነዳል።

‹‹ጋሪ! በቀኝህ!›› ብዬ ጮህኩ።

ፍሬን ያዘ። ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተደፋ፤ ከኋላ የአንዲት ሴት ዶሮ ጮኸች። ፈረሱ ፊት ለፊታችን፣ መስታወቱን በትንፋሹ ሊሸፍን እስኪመስል ቀርቦ ቆመ። ባለጋሪው ተሳድቦ፣ ልጓሙን ስቦ አለፈ። ማንም አልተጎዳም። እሱ ግን መሪውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ መላ ሰውነቱን አዙሮ፣ ከአንገቱ ብቻ ሳይሆን ከወገቡ ዞሮ፣ አየኝ።

‹‹አንቺ ነሽ?›› አለኝ።

‹‹እኔ ነኝ።››

‹‹ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለሽው?››

‹‹ከቡሬ ጀምሮ›› አልኩት።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። የፈሰሰው ውሃ፣ መቃኑ፣ በግራዬ ተቀመጪ የሚለው።

‹‹ልጄ፣ እስቲ እሱን መነጽር አውልቀው›› አሉ ቄሱ።

አወለቀው። የቀኝ ዓይኑ ብሌን ላይ የወተት አረፋ የመሰለ ነጭ ነገር ተጋርዶበታል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር፤ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ እስከዚያ ግን እንዳትነዳ ብለውት ነበር። ሁሉንም አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ።

‹‹ለምን አልነገርከኝም?››

‹‹ብነግርሽ ታስነጂኝ ነበር?››

‹‹አላስነዳህም ነበር።››

‹‹ለዚህ ነው›› አለ።

‹‹ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር›› አልኩት ቄሱ እየሰሙ። እውነቴን ነው። ለሴትማ እጣላለሁ፣ ሽማግሌ እሰበስባለሁ፣ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። እሱ ግን ስንት እናት፣ ስንት ሕፃን ከኋላው ጭኖ በአንድ ዓይኑ ሲነዳ ከርሟል። መምህርቷም ስፖኪዮው የተሰበረ መስሏት፣ ምንም ሳታውቅ ዓይኑ ሆና ስትመላለስ ነበር። ተናደድኩ፤ ከንዴቴም ውስጥ ቅናቱ አልወጣልኝም። እጄን ሰድጄ ቁልፉን ነቀልኩና ለረዳቱ ሰጠሁት። ተሳፋሪው አጉረመረመ፣ ቄሱ ‹‹ተዉአቸው›› አሉ፣ ሌላ መኪና ቆሞ ሁሉንም ወሰዳቸው። የመኪናው ባለንብረት ሌላ ሹፌር እስኪልክ ረዳቱ ከመኪናው ጋር ቀረ።

አሁን የቀዶ ጥገናውን ተራ እየጠበቅን ነው። ሐኪሙ ዓይኑ ከተሠራ በኋላ ከፀሐይና ከአቧራ እንዲጠብቀው ጥቁር መነጽር ያስፈልገዋል አለኝ። የእውነት ያስፈልገዋል ወይ ብዬ ደግሜ ጠየቅሁት፤ የእውነት ነው አለ። እስከዚያ መነጽሩ ከበርበሬ ወንፊቴ ጋር አንድ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ጠዋት ጠዋት ከቦታው መኖሩን አያለሁ።

የዚያን ቀን ግን ሌላ መኪና አልተሳፈርንም። ፍኖተ ሰላም ሩቅ አልነበረም፤ በአስፋልቱ ዳር በእግራችን ሄድን። ተቆጥቼ ስለነበር መጀመሪያ ወደ ፊት ቀደምኩት። ኋላ ግን ቆሜ ጠበቅሁትና በቀኙ በኩል ሆንኩ። የከተማው ቆርቆሮ መታየት ሲጀምር፣ ፊቱን ሳያዞር፣

‹‹በቀኝ የሚመጣ አለ?›› ብሎ ጠየቀኝ።

‹‹የለም›› አልኩት። ‹‹እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት።››