እትዬ ስካን እና የልጇ ሥዕሎች

እትዬ ስካን የሚለውን ስም ያወጡላት የቢሮ ባልደረቦቿ ናቸው፤ እሷም አልከፋትም። የኢንሹራንስ ድርጅቱ ፋይል ሁሉ በእጇ ያልፋል። ወረቀቱን በስካን ማሽኑ አናት ታጎርሳለች፣ ሲወጣ ታነሳለች፣ አጠገቧ ካለው፣ ወረቀት ክር ክር ከሚያደርገው መቁረጫ ማሽን ውስጥ ትከታለች። መደርደሪያ ስለሌለ ስካን የተደረገ ወረቀት ወዲያው እንዲቆረጥ አለቃው አዟል። ከለርማ ክልክል ነው፤ የኮምፒውተሩን ቦታ ይሞላል ይላል፤ ቦታውን ከኪሱ የሚገዛው ይመስል፣ አንድ ገጽ በከለር ስካን ከተደረገ ምሳው አይበላለትም። ዓመታት እንዲህ ሲያልፉ የእሷ እጅ ራሱን የቻለ ሠራተኛ ሆነ። አፏ ወሬ ሲሰልቅ እጇ ሥራውን ይጨርሳል፤ በዚህም ትኮራ ነበር።

ያን ቀን የያዘችው ግን የቢሮ ወረቀት አልነበረም። ልጇ ሥዕል ትምህርት ቤት ለመግባት አመልክታለች፤ ሥዕሎቿ በከለር ስካን ተደርገው፣ በአንድ ፋይል ሆነው፣ እስከ ሥራ መውጫ መላክ አለባቸው። የዓመታት ልፋቷ ናቸው፤ ቅጂም የላቸውም። ልጅቷ ለማንም መስጠት አልፈለገችም ነበር። ወረቀት በእኔ እጅ ተበላሽቶ አያውቅም ብላ የተቀበለቻት እናቷ ናት። አለቃውንም ደጅ ጠንታ ለዛሬ ብቻ አስፈቅዳለች።

ሥዕሎቹን አስተካክላ ደርድራ፣ ገና ሳታጎርስ ከለር የሚለውን መረጠች። ልክ ያኔ የሒሳብ ሠራተኛው ደንበኛ እያጣደፈው አንድ ደረሰኝ ይዞ ከች አለ። ቅድሚያ ሰጥታ ደረሰኙን ስካን አደረገችለት። ማሽኑ አንድ ሥራ በጨረሰ ቁጥር ወደ ጥቁርና ነጭ ይመለሳል፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰውየው ግን ወሬም ይዞ ነበር፤ አለቃው ሊቀየር ነው አላት። ደስታዋን መደበቅ አቅቷት፣ ማን እንደነገረው እየጠየቀች፣ የልጇን ሥዕሎች አጎረሰች፣ ተጫነች፣ ሲወጡ አነሳች፣ መቁረጫው ውስጥ ከተተች።

መቁረጫው ከወትሮው ወፈር ያለ ድምፅ ሲያሰማ ክው ብላ ዞረች። የመጨረሻውን ወረቀት ጫፍ አፈፍ አደረገችው፤ እጇ ላይ የቀረው ባዶው ዳር ብቻ ነው። ወደ ስክሪኑ ዘለለች። ልጇ የሳለቻቸው ጎረቤቶች፣ ገበያው፣ ዝናብ ያራሰው ግድግዳ፣ ሁሉም አመድ መስለው ወጥተዋል።

ተንበረከከች። የመቁረጫውን ሆድ ወለሉ ላይ ገልብጣ ቀለም ያለውን ክር መልቀም ጀመረች። ሒሳብ ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ ትንሽ አገዛትና ተስፋ ቆርጦ ቀና አለ። ከሰው ውልና ከደረሰኝ ጋር ተደባልቆ እንዴት ይገጠማል? ሰዓቱ ደግሞ ይሮጣል። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በዚህ መሀል ልጇ ደወለች። ልትዋሽ አሰበች፤ ግን ማታ ባዶ እጇን ቤት መግባቷ አይቀርም። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻት። ሰው መጥቶብኝ ነው፣ እጄ ለምዶ ነው አለች።  

"እማ፣" አለች ልጅቷ፣ "አንዱንም አላየሽውም?"

እናት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች የለቀመቻቸውን ቀለማም ክሮች አየች። ሥዕሎቹ ሁሉ በእጇ አልፈዋል፤ አንዱንም አላየችም።