ወደ መካነ ሰላም፣ ያለ ዘሃራ ድምፅ

ቅዳሜ ንጋት፣ ደሴ መናኸሪያ

ረዳቱ የፕሮጀክተሩን ካርቶን አይቶ «ይሄማ ሰው ነው» ብሎ የሁለት ሰው ሂሳብ አስከፈለኝ። ተጨቃጨቅሁ፣ ተሸነፍሁ። ካርቶኑን እንዳቀፍሁ ተነሣን።

የልጆች ካርቱን ፊልም አዘጋጅ ነኝ። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ አዲስ አበባ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ተቀጠርሁ፤ ሙሽራ መቁረጥና መቀጠል ሲሰለቸኝ ሥዕል የሚችል ጓደኛዬን ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያ ፊልማችን እናቷ ስለጠፋችባት ትንሽ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ድምፅዋን አምና የቀዳሁት ከዘሃራ ነበር፤ የመካነ ሰላም ልጅ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ። ፊልሙን ሊገዛን የነበረው የቴሌቪዥን ጣቢያ ግን «አነጋገሯ የወሎ ነው፣ ይቀየር» አለ። አልተከራከርሁም። በአዲስ አበባ ተዋናይ ቀየርኋት። ለዘሃራ እስካሁን አልነገርኋትም። ዛሬ ፊልሙን ለአገሯ ልጆች አሳያለሁ፤ ሳይጀመር እነግራታለሁ።

ረፋድ፣ ጉጉፍቱ

ጭጋግ፣ የገብስ ማሳ፣ ፎጣ የተከናነቡ ፊቶች። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

ሥራዬን ብነግረው «በካርቱን ይኖራል እንዴ?» አለኝ ሾፌሩ።

«ገና ነው።»

«ታዲያ ምን አስሮጠሽ?»

ካርቶኑን አስተካክዬ አቀፍሁ። አቀስታ ለምሳ ስንቆም ሽሮ አዘዝሁ፤ ግማሹን ትቼ ተነሣሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ መካነ ሰላም

የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሏል። ግድግዳው ላይ የንብ ምልክት ያለበት የምርጫ ፖስተር አለ፤ በላዩ ላይ አንሶላ ሰቀልን። ዘሃራ አዲስ ጫማ አድርጋለች።

«ጭላዳዋ መጣች!» አሏት የክፍሏ ልጆች።

«ቅኑ! እናንተ በቲቪ አትወጡ!»

ወደ ጥግ ልወስዳት ስል አክስቷ ሞባይል ይዛ ደረሰች። የዘሃራ እናት ጅዳ ናት፤ ልጅቷ ገና ኮልታፋ እያለች ነው የሄደች። የምትደውለው አልፎ አልፎ፣ አሠሪዋ ሳታይ ነው፤ ያኔም ዘሃራ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ናት።

«መስመር ላይ ናት፤ የልጇን ድምፅ ልትሰማ» አለች አክስትየዋ። «ጀምሪው በይ፣ ካርዷ ሳያልቅ!»

ጀመርሁት። ለዘሃራ ሳልነግራት ጀመርሁት።

ትንሿ ጭላዳ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ «ማሚ! ማሚ!» አለች፣ በተዋናይዋ ድምፅ። ዘሃራ ዞር ብላ አየችኝ።

«ኧረ ይቺ ዘሃራ አይደለችም!» አለ አንዱ ከኋላ።

የአክስቷ ፊት ጠቆረ፤ ድምፅ ማጉያው ላይ ያስጠጋችውን ስልክ ግን አላነሣችም። ከስልኩ ውስጥ የእናትየዋ ለቅሶ ወጣ።

«ማሻአላህ! ልጄ እንዲህ ትናገር ጀመር? አነጋገሯ የአዲስ አበባ ሆነ እኮ!»

ፊልሙን አቁሜ ስልኩን ተቀበልሁ።

«እህቴ፣ አዘጋጇ ነኝ...»

«አላህ ይስጥልኝ እህቴ! አላህ የልብሽን ይሙላው!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ዘሃራ ቀሚሴን ጎተት አደረገችኝ።

«ተይው እትዬ» አለች በሹክሹክታ። «ደስ ብሏታል።»

ስልኩን ከእጄ ወሰደች። እናቷን «እማየ» ከማለት በቀር ሌላ ጠርታት አታውቅም። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ድምፅዋን ቀጠን አድርጋ፣

«ማሚ፣ ሰማሽኝ?» አለች።