ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ባትሪ

ባለቤቴ ጸሐፊ የነበረችበት ቢሮ ሲዘጋ ዕቃውን ለሠራተኞቹ አከፋፈለ። አንዱ ወንበር ደረሰው፣ አንዱ ፋይል ካቢኔት። እሷ አሮጌ ላፕቶፕ ደረሳት። ዘጠናዎቹ ሲጀምሩ መካኒሳ ውስጥ ላፕቶፕ ያለው ቤት የእኛ ብቻ ነበር ብል የሚከራከረኝ የለም፤ ከመጣም እሱም እንደኔ ማጋነን ይወዳል ማለት ነው። ክብደቱ የወፍጮ መጅ ያስንቃል። እሱን የተሸከምኩበት ትከሻዬ እስከ ዛሬ ከጓደኛው አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው።

ችግሩ ባትሪው ነበር። ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኗት አራት ትናንሽ አረንጓዴ መብራቶች ይበራሉ፤ "ጠግቤያለሁ" ማለቱ ነው። ታዲያ አራቱም በርተው ሳለ ሻይ እስኪፈላ እንኳ ሳይጠብቅ ድርግም ይላል። የድሮ ቢሮዋ ቴክኒሻን አየውና፣ "ትንሽ ትንሽ እያጎረስሽ ሆዱን አጥብበሽበታል። አልፎ አልፎ ጨርሶ ይራብ፣ ከዚያ እስኪጠግብ ይብላ" አላት።

ሌላ ሰው ቢሆን "አልፎ አልፎ" ማለት መቼ ነው ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቴ አልጠየቀችም። በክርስቲያን ቤት የሚራብበት ቀን የታወቀ ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ባትሪያችን ረቡዕና ዓርብ ጾመኛ ሆነ።

ጠዋት ገመዱን ትነቅላለች። ሬዲዮ ትከፍትና ጋዜጠኛው የሚያወራውን ሁሉ እየተከተለች ትጽፋለች፤ እጇም እንዳይዝግ፣ ባትሪውም እንዲራብ። ድርግም ሲል ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች፤ ከባለፈው ጾም ቆየ ወይስ ቀደመ? ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሶኬት የሚባል ነገር የለም።

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ጠፍቶ የሰነበተው መብራት መጣ።

"መጣ! ቶሎ ሰኪው እንጂ!" አልኳት።

"ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።"

"እስከ ዘጠኝ ተመልሶ ይሄዳላ!"

"ይሂዳ! አንተ ሰውዬ፣ የራስህ አልበቃ ብሎህ እሱንም ልታስገድፈው ነው?"

"ነፍስ አለው እንዴ?"

"ባይኖረውም ካንተ በፊት ይጸድቃል።"

ዓይኔ እያየ ባትሪው ተሻለው። ሻይ የማይጠብቀው ጉድ መጀመሪያ ሽሮ የሚበስልበትን ያህል ቆየ፤ ወሩ ሲገፋ ምስር ወጥ፤ በመጨረሻ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሽንኩርቱ በደንብ የሚቁላላ ዶሮ ወጥ ላይ ደረሰ። ዶሮውን በፍስክ ቀን ነው የለካነው።

ሥራ ግን አልተገኘም። ቤታችንን የያዘው የእኔ ደመወዝ ነበር፤ እሱም እንደ ድሮው ባትሪ ሙሉ ነኝ እያለ ወሩ ሳይጋመስ ድርግም የሚል። እሷም መሳቅ ቀንሳ ነበር። በዚህ መሀል ፉሪ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ፕሮጀክት ጸሐፊ ፈለገ። ኃላፊው ነገሩን በግልጽ ነገራት፤

"ባለፈው ቃለ ጉባኤውን ከተማ ጽፈን ብንወስድላቸው 'እኛ እንዲህ አላልንም' ብለው መለሱን። አሁን እዚያው ጽፈው፣ ሰው ሳይበተን አንብበው ካሰሙልን ሥራው የእርስዎ ነው። መብራት ግን የለም።"

ስብሰባው የተጠራው ለዓርብ ነበር። ሐሙስ ማታ ባትሪውን አጠገበችው፤ ዓርብ ጠዋት መጁን ተሸክሜ ተከተልኳት።

ፉሪ ከዛፍ ሥር የተሰበሰቡት ነባር ገበሬዎች አማርኛና ኦሮምኛ እያፈራረቁ ያወራሉ፤ ደግነቱ ባለቤቴ ሁለቱንም ትሰማለች። ሽማግሌው ለምርቃት ብድግ ሲሉ ባትሪው አራት መብራት ነበረው። ከብቱን መረቁ፣ ዝናቡን መረቁ፣ ያልተወለደውን መረቁ፣ ጉድጓዱ ገና ሳይቆፈር ውሃውን መረቁ። ሲቀመጡ አንደኛው መብራት የለም። ጉድጓዱ በማን ማሳ ይቆፈር የሚለው ክርክር ሲጦፍ ሁለተኛው ሄደ። እኔ የሌለብኝን ጾም እጾማለሁ ብዬ ለመሳል ተዘጋጀሁ።

"አባቴ፣" አለች ባለቤቴ ቀስ ብላ፣ "ባትሪው እየደከመ ነው።"

"እኛም ደክመናል ልጄ፤ ግን አልጨረስንም" አሉ ሽማግሌው።

ሰዉ ሳቀ። እሷ ግን የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገችና ጨለማ አደረገችው።

"ጠፋ?" አልኳት።

"ብርሃኑ ነው ብዙ የሚበላው። ለምን ይበራል? እኔ እንደሆነ አላየውም።"

እውነትም ስታየው አልነበረም። ሬዲዮ ስትከተል የከረመች ሴት ዓይኗን በተናጋሪው አፍ ላይ ተክላ፣ አሥሩም ጣቷ በቁልፎቹ ላይ ይሮጣል። አንድ ገበሬ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ምንም አልጻፈችም እኮ!" አለ። ኃላፊውም አንገቱን አስግጎ አየ፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። እሷ ጣቷን ሳታቆም መጻፏን ቀጠለች።

ስብሰባው ሲያበቃ አንዲት መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ያን ጊዜ ስክሪኑን አበራችው። ሁሉም ከነነገሩ፣ ከነክርክሩ፣ ከነሳቁ ተጽፏል። አንብባ ስትጨርስ ሽማግሌው፣ "'ከዛፉ በላይ' አልኩ እንጂ 'ከዛፉ በታች' አላልኩም" አሉ። አስተካክላ ደግማ አነበበችላቸው።

"አሁን እኛው ነን" አሉ። ኃላፊውም፣ "ሰኞ ይጀምራሉ" አላት።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። እኔ በቀጥታ ወደ ድስቱ። እሷ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ሶኬቱ።

"አንቺ፣ መጀመሪያ ቅመሽ እንጂ!"

"ቆይ፣" አለች ገመዱን እየሰካች፣ ለስንት ጊዜ ያላየሁትን ሳቅ እየሳቀች፤ "አብሮኝ የዋለውን ትቼ?"