እምቢታዬን ያመነው ልጅ

በዚያ ምሽት ምን እንደምጠየቅ ቀድሞ ተነግሮኛል። «ዳዲ፣ አንድ ነገር ሊጠይቅህ ነው። ፕሊስ፣ ነገር አታክብድ» አለችኝ ልጄ በስልክ። አታክብድ የተባልኩት እኔ ነኝ። ያለችኝን አንዲት ልጅ አንድ የጥርስ ሐኪም ሊወስዳት ሲመጣ ቀለል ብዬ እንድጠብቀው ነው።

ልጁ ወላጆቹ ከሕንድ የመጡ፣ እሱ ግን እዚሁ ኦሃዮ ተወልዶ ያደገ ነው። የሚወጣለት ነውር አልነበረም። ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም፤ ከልጄ ጋር መሆኑን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ስፈልግ ነው የከረምኩት። ይሠራል፣ አያጨስም፣ እናቱን በየቀኑ ኮል ያደርጋል። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ምን ይባላል? ያናድዳል እንጂ።

«የሕንድና የሐበሻ ምግብ ስለሚመሳሰል እንደ ቤታችሁ ይሆንላችኋል» ብሎ ምግብ ቤቱን የመረጠው እሱ ነው። ከቤታችን፣ ከፎረስት ፓርክ ተነስተን እስክንደርስ ሚስቴ መንገዱን ሙሉ ከረባቴን ስታስተካክል ነበር። ምግብ ቤቱ ያለበትን ሰፈር አውቀዋለሁ። እዚህ ከተማ እንደገባን የተከራየነው እዚያው አጠገብ፣ ዋይንላንድ ፓርክ ነበር፤ አሁን ምግብ ቤት የሆነው ቤት ያኔ ጎሚስታ ነበር። ጎማ አስለጥፌበታለሁ። ጡቡን ሳይለስኑት፣ የጣሪያውን ቧንቧ ሳይሸፍኑት እንዳለ ትተውታል። እኛ ያላለቀ ቤት የምንለውን እነሱ ዲዛይን ይሉታል።

መብራቱ ደብዛዛ ስለሆነ ሜኑውን ለማንበብ አራታችንም የስልካችንን ባትሪ አበራን። ሜኑው ላይ ከምግቡ ይልቅ የሼፉ አያት ይበዛሉ። አያትየው ቅመም የሚፈጩት በየትኛው ዛፍ ሥር እንደነበረ፣ ምስር ሲቀቅሉ ምን ያንጎራጉሩ እንደነበር ተጽፏል። አንብቤ ስጨርስ ስለ አያትየው ብዙ አወቅኩ፤ ስለሚበላው ነገር ግን ያወቅኩት የለም።

አስተናጋጁ መጣና «ሃው አር ዩ ጋይስ ዱዊንግ?» አለን። ይህን ያህል ሽበት ይዤ፣ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ኳስ የሚራገጡ ልጆች እንኳን ጋሼ እያሉኝ፣ እዚያ ግን ጋይስ ነኝ። ቀጠለና፣ እዚህ ቤት ምግብ የሚቀርበው ለጋራ መሆኑን፣ ሁላችንም ከአንድ ሰሃን እንደምንበላ፣ ነገሩ አዲስ ከሆነብን ሊያስረዳን እንደሚችል በትሕትና ነገረን። ሚስቴ አፏን በናፕኪን ሸፈነች። «እንሞክረዋለን» አልኩት።

መጀመሪያ የመጣው ምስር ነው። ሰሃኑ የመኪና መሪ ያህላል፤ ምስሩ ደግሞ መሃሉ ላይ አንድ ማንኪያ የማትሞላ። ከላይ አረፋ አለበት። ሚስቴ ምስር ስትቀቅል አረፋውን በጭልፋ እየገፈፈች ትደፋዋለች፤ ስንት ገንዘብ ስትደፋ እንደኖረች ያን ምሽት ገባኝ። ልጁ «እንዴት ነው?» ሲለን ሚስቴ «ቤሪ ናይስ» አለችው፤ የሕፃን ምግብ ቀምሳ ለእናትየው አስተያየት እንደምትሰጥ ሴት።

ቀጥሎ የበግ ጎድን መጣ። ለአራት ሰው አምስት። ይህን የመሰለ የጠብ ምንጭ ማን እንደፈለሰፈው አላውቅም። ይጣፍጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ ግን ይጣፍጥ ነበር፣ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ሁላችንም አንድ አንድ በላንና አንዷ ቀረች። ልጁ ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገና ልጄ ባስተማረችው አማርኛ «ጋሼ» ብሎ ጀመረ፤ የቀረው እንግሊዝኛ ነው። ይቺን እርስዎ ይውሰዷት አለኝ።

«አይ፣ ጠግቤያለሁ። አንተ ብላ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

በላት።

በሥርዓት ያደገ ሰው ከዚህ በኋላ ምን እንደሚከተል ያውቃል። እሱ «በሞቴ» ይላል፤ እኔ «ኧረ በቃኝ» እላለሁ። እሱ «አፈር ስሆን» ይላል፤ እኔም ተቸግሬ፣ ለእሱ ስል እበላለሁ። እንዲህ ነው እንጂ ሰው የሚበላው። ይሄኛው አንዴ ጠይቆ አነሳት። ጎድኗን እስከ አጥንቷ ድረስ በዓይኔ ሸኘኋትና ነገሩን በሆዴ ያዝኩበት፤ ሆዴም ውስጥ ሰፊ ቦታ ነበረ።

አስተናጋጁ ተመልሶ «አር ዩ ስቲል ወርኪንግ ኦን ዛት?» አለኝ ምስሩን እያሳየ። እየሠራህበት ነው ወይ ማለቱ ነው። ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል ቦይለር ስጠግን ውዬ፣ እራቴም ላይ ሥራ እንዳለብኝ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። «ኖ፣ ኖ፣ አም ፋይን» አልኩት እንደ ደንቡ። ምስሩን ከነአረፋው አንስቶት ሄደ።

ይሄኔ ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጄ እጆቿን ጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

«ልጅዎን እወዳታለሁ» አለኝ። «መጋባት እንፈልጋለን። እሷ ያለ እርስዎ ፈቃድ አታደርገውም፤ እኔም እንድታደርገው አልፈልግም። ይፈቅዱልናል?»

እዚህ ላይ የልቤን ልናገር፤ ፈቅጃለሁ። ከቤት ስወጣ ፈቅጄ ነው የወጣሁት። መኪና ውስጥ ሚስቴ «ምን ልትለው ነው?» ስትለኝ «እሺ ነዋ!» ብያታለሁ። ግን እሺ የሚባልበት ወግ አለው። ሚስቴን ለማግባት ሽማግሌ ስልክ አባቷ ሁለት ጊዜ መልሰዋቸዋል፤ ቁጭ በሉ እንኳን ሳይሏቸው። እሺ ያሉት በሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ሴት ልጁን የሚሰጥ ሰው ከቤት ሊያስወጣት የቸኮለ ይመስላል። ልጄ ደግሞ የምትለመን ልጅ ናት።

ስለዚህ ጃኬቴን ቆለፍኩና ቀና ብዬ፣ ሰምተናል፣ ቤተ ዘመድ እናማክራለን፣ እናስብበታለን አልኩት። በእንግሊዝኛ ሲወጣ ከአማርኛው ይልቅ ቀዘቀዘ። ቢሆንም ደስ አለኝ፤ አማቴን መሰልኩ። ከዚያ ወንበሬን ደገፍ ብዬ ልመናውን መጠበቅ ጀመርኩ።

ልጁ አመድ መሰለ። «ኦኬ» አለ። «ውሳኔዎን አከብራለሁ።»

ውሳኔ? የምን ውሳኔ?

ልጄ «ኢትስ ፋይን፣ ዳዲ» አለች። እሷ ኢትስ ፋይን ስትል ፋይን የሆነ ነገር የለም። ዓይኗ እንባ ሞላና ቦርሳዋን መፈለግ ጀመረች።

ሚስቴ ፈገግታዋን ሳታጠፋ፣ ልጁ በማይሰማው አማርኛ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» አለችኝ።

«ወጉ ነው። ይለምነኝ እንጂ።»

«ማን ነው የሚለምንህ? ጎድኑን ሲበላ አላየህም? ይሄ ልጅ እምቢ ስትለው ያምንሃል።»

ደነገጥኩ። እውነቷን ነው። ልጁ አልናቀኝም፤ ቃሌን ነው የወሰደው። ልጄም እዚሁ ያደገች ናት፤ እሷም አመነችኝ። እምቢ እንዳላልኩ የምናውቀው እኔና ሚስቴ ብቻ ነበርን፣ እሷም ተናዳብኛለች። ፈራሁ፣ ከልቤ ፈራሁ። ጎድኗ ሄዳለች፤ ምስሩም ሄዷል፤ ልጄ ደግሞ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታለች።

«እንደገና ጠይቀኝ» አልኩት።

«ሰር?» ድንጋጤው ጋሼን አስረሳው።

«እንደገና ጠይቀኝ። እኛ ጋ የመጀመሪያው እምቢ አይቆጠርም። ይለመናል።»

ልጄ ከወንበሯ ግማሽ ተነስታ ቀረች። ልጁ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ጠየቀኝ። በወጉ ከሆነ ይህችንም መመለስ ነበረብኝ። አማቴ ቢሆኑ ይመልሷት ነበር። አፌን ልከፍት ስል የሚስቴ ጫማ ጠረጴዛው ሥር ቁርጭምጭሚቴን አገኘው።

«እሺ» አልኩ።

እሺን ያውቃታል፤ ትርጉም አላስፈለገውም። ልጄ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የእኔም ዓይን አላስችል ሲለው «ቅመሙ ነው» አልኳቸው። እዚያ ምግብ ውስጥ የሚያቃጥል ቅመም እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ደግነቱ ማንም አልተከራከረኝም።

ልጁ ትንፋሹ ሲመለስለት መሳቅ ጀመረ። «እናቴም ልክ እንደዚህ ናት» አለ። «ጎረቤት ጣፋጭ ሲሰጣት መጀመሪያ አልፈልግም ትላለች። የእሷ ብቻ ጠባይ ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ ሳቁን ድንገት አቆመና ባዶውን ሰሃን አየ። «ጋሼ፣ ያቺን ጎድን ፈልገዋት ነበር እንዴ?»

ሚስቴ ቀድማኝ «በጣም!» አለችው።

አስተናጋጁ ጣፋጭ እናምጣላችሁ ወይ እያለ መጣ፤ ከእኔ ጀመረ። «ኖ፣ ታንክ ዩ፣ አም ፉል» አልኩት። ምን ላድርግ፣ አፌ ከእኔ ይቀድማል። አስተናጋጁ ፊቱን ወደ ሚስቴ ሊያዞር ሲል ልጁ እጁን አነሳ።

«ቆይ» አለው። «እንደገና ጠይቀው።»