በሙዝ ቅጠል ላይ የቀረበ ምሳ

የሰናፍጭ ፍሬ በጋለ ዘይት ውስጥ ሲንጣጣ የሚወጣው ሽታ ዛሬም ባልጠበቅሁት ቦታ ያገኘኛል። በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ስወርድ ከማላውቀው ሰው ማድ ቤት መጥቶ ያዘኝና፣ ለአፍታ ቆሜ አርባ ምንጭ የነበረውን የልጅነት ግቢያችንን አየሁት። ሽታው ደስ ይላል፤ ይዞት የሚመጣው ነገር ግን ያስጠላኛል።

ዘመኑ የደርግ ነበር። አባባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እማዬ ከጨንቻ ደጋ ወርዳ አርባ ምንጭ የገባች፣ በቤተ ክርስቲያን የምትዘምር፣ ንጽሕና የምትወድ ሴት ነበረች። ከዋናው ቤት ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ህንዳዊው መምህር ራጋቫንና ባለቤቱ ሱማቲ ተከራይተዋቸው ነበር። እሱ ሰባተኛ ክፍል ታሪክ ያስተምረን ነበር፤ እሷ ቤት ውላ ሰናፍጭ እያንጣጣች፣ ሩዝ እየቀቀለች፣ አማርኛ ትለማመድ ነበር። ወንድና ሴት ስለማትለይ እማዬን «አንተ ና! ቁጭ በል!» ስትላት ግቢው በሙሉ በሳቅ ይሞላ ነበር፤ እማዬም አብራ ትስቅ ነበር።

በበጋ፣ በገበያ ቀን፣ ዳሮቴ የምትባል ሸክላ ሠሪ ከጨንቻ በኩል ካለው መንደሯ እንስራና ድስት በጀርባዋ አዝላ ቁልቁለቱን በእግሯ ወርዳ፣ ወደ ገበያው ከመግባቷ በፊት ግቢያችን በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ታርፍ ነበር። ውኃ ስትለምን እማዬ ከጓሮ የሙዝ ቅጠል ቀንጥሳ፣ እንደ ስኒ አጥፋ መሬት ላይ ታኖርላትና፣ ዳሮቴ ጎንበስ ብላ ካነሳችው በኋላ እጃቸው እንዳይነካካ ከፍ አድርጋ ታፈስላት ነበር። ጠጥታ ስትሄድ እማዬ ቅጠሉን በእንጨት ጫፍ ገፍታ ከአጥር ውጭ ትጥልና፣ ድንጋዩ ላይ አመድ ትነሰንስ ነበር። ውኃው የሚቀዳው ዳሮቴ ራሷ ከሠራችው እንስራ ነበር። ጭቃውን ረግጣ፣ አድቦልቡላ፣ ተኩሳ ያመጣችው ዕቃ አንዴ ቤታችን ከገባ በኋላ እንድትነካው አይፈቀድላትም ነበር። በደጋው ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ከሌላው ጋር አይበላም፣ አይጋባም፤ እማዬ ከተማ ስትገባ ይህንንም አብራ ይዛው ወርዳለች።

በልግ ገብቶ የክፍላችን ቆርቆሮ በዝናብ ሲደበደብ፣ መምህር ራጋቫን ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ አገሩ ነገረን። በአያቱ ዘመን በመንደራቸው «የማይነኩ» የሚባሉ ሰዎች እንደነበሩ፣ በመንገድ ሲያልፉ ሌላው ገለል እንዲል ጮኸው ራሳቸውን ያስታውቁ እንደነበር፣ ከመንደሩ ጉድጓድ ውኃ እንዳይቀዱ ይከለከሉ እንደነበር፣ ጥላቸው እንኳ ያረክሳል ይባል እንደነበር አስረዳን። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ጥላ ደግሞ ይሸታል እንዴ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩ አልሳቀም። ይህ የአገሩ ነውር መሆኑን፣ ሕግ እንደከለከለው፣ ሰዉ ግን ከሕጉ ኋላ እንደሚጎተት ነገረን።

ማታ በእራት ላይ ይህንን ስነግራት እማዬ ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። «ጌታን የማያውቅ ሕዝብ እንዲህ ነው!» አለች። «ሰውን እንደ ውሻ? ኤጭ!» አባባም ራሱን ነቀነቀ። በዚያው ሰሞን ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ፣ ማንንም በሙያው መናቅ ከእንግዲህ እንደሚያስቀጣ ሲነገር፣ አባባ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ ሲያጨበጭብ አይቼዋለሁ። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር፤ እማዬ ለዳሮቴ ቅጠል ቀነጠሰች።

ክረምት ላይ ዳሮቴ ሸክላ ሳትይዝ መጣች። ልጇ ዘነበች ስድስተኛ ክፍልን ከመንደሩ ልጆች ሁሉ በልጣ ጨርሳ ነበር፤ የመንደሩ ትምህርት ቤት ደግሞ እዚያ ላይ ያበቃል። ጨንቻ ከተማ ማን እንደሆኑ ሁሉም ስለሚያውቅ የሚያስጠጋት አላገኙም። «እሜቴ፣ ማድ ቤት ጥግ ብትተኛ ይበቃታል፤ ውኃ ትቀዳለች፣ ትጠርጋለች» አለች ቆማ።

«ውኃ ትቀዳለች?» አለች እማዬ። «የማንን ውኃ?»

ሱማቲ ከበሯ ላይ ሆና ትሰማ ነበር። ነገሩን በሙሉ ባትረዳውም፣ ልጅ መማር እንደምትፈልግ ገብቷት፣ ዘነበች መስከረም ላይ መጥታ ከእነሱ ጋር እንድትኖር ነገረቻት። ዳሮቴ ጎንበስ ብላ መሬቱን ሳመች። የልጅቷ ትምህርት በዚያች ሴት ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ በአገራቸው ታላቅ የመኸር በዓል ይከበራልና፣ ሱማቲ እኛን ምሳ ጋበዘችን፤ ዳሮቴንና ዘነበችንም ጠራች። ጠዋት ከጓሯችን ሰፋፊ የሙዝ ቅጠል ቆርጣ፣ አጥባ፣ አድርቃ፣ ወለሉ ላይ ባነጠፈችው ሰሌን ፊት በተርታ ዘረጋችው። ስንገባ ዳሮቴና ልጇ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ ፊታቸው ያለውን ቅጠል ሳይገረሙ ያዩት ነበር። እማዬ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ገብታ ወደ ተሰጣት ቦታ ሄደችና ወደ ታች አየች። በእሷም ፊት ቅጠል ነበር። ከዳሮቴ ቅጠል ጋር ልክ እኩል፣ ከአንድ ግንድ የተቆረጠ።

ሱማቲ ሩዙን ልታደርግላት ጎንበስ ስትል እማዬ እጇን መታቻት። «እኔን በቅጠል? ሸክላ ሠሪ አደረግሽኝ?»

መምህሩ ደንግጦ ተነሣና፣ በአገራቸው የሚከበር እንግዳ ማንም ያልበላበት ንጹሕ ቅጠል እንደሚቀርብለት በተሰባበረ አማርኛ አስረዳ። ዳሮቴ ይህንን ስትሰማ ቅጠሉን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ «እንግዲያው እስከ ዛሬ ስከበር ነበራ፣ እሜቴ» አለች። አንድ ሰው ሳቀ፤ ታላቅ ወንድሜ ነበር። እማዬ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፤ እኛም ተከትለናት ወጣን።

አባባ ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህሩን ግቢው መሐል አነጋገረው። አልተቆጣም፤ አባባ ተቆጥቶ አያውቅም። ልጅቷ ከገባች ክፍሎቹን መልቀቅ እንዳለባቸው በትሕትና ነገረው። መምህሩም በክፍል ውስጥ ስለ አያቱ መንደር ባወራበት በዚያው የአስተማሪ ድምፅ፣ «እኔ እንግዳ ነኝ፤ የሰው አገር ልማድ ውስጥ አልገባም» አለ። ሱማቲ በራፍ ላይ ቆማ በራሳቸው ቋንቋ ጮኸችበት፤ እሱ አልፏት ወደ ቤት ገባ። ዳሮቴ ልጇን ይዛ ዳገቱን ወጣች። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት መምህር ራጋቫን ለአዲሶቹ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች እንደ ልማዱ ስም ሲጠራ ከጎናችን ካለው ክፍል ሰማሁት፤ የዘነበች ስም በስሞቹ ውስጥ አልነበረም። እማዬ በዚያው እሁድ የሰው ልጅ ሁሉ በጌታ ፊት አንድ መሆኑን በመዘምራን ፊት ቆማ ዘመረች። ድምፅዋ ያምር ነበር።

ብዙ ዓመት አልፎ ለዘገባ ሥራ ጨንቻ በወጣሁበት ጊዜ ዘነበችን ገበያ ውስጥ ሸክላዎቿ መሐል ተቀምጣ አገኘኋት። ማን እንደሆንሁ ስነግራት ፊቷ አልተለወጠም፤ የእናቴን ጤና ጠየቀች። ሴት ልጅ አላት፤ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች። የት እንደምትሠራ ብጠይቃት ሩቅ መሆኑን ብቻ ነገረችኝ።

«የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ የለም» አለችኝ። «ሰርግም ሊኖራት ነው። እኔ አልሄድም። አንቺም ስሟን እንዳትጽፊ።»

አልጻፍሁም። ቀበሌው፣ ስብሰባውና መዝሙሩ የነበሩበት ያ ጊዜ ዳሮቴን ቢያንስ ከልጇ ጋር በአንድ ደጅ አስቀምጧት ነበር። ዛሬ የዘነበች ልጅ ከማንም ጋር በአንድ ሳህን መብላት ትችላለች፤ ከእናቷ በስተቀር። አለቆቼ ይህንን የመሻሻል ታሪክ አድርጌ እንድጽፈው ፈልገው ነበር፤ ወረቀቱን ባዶውን መለስሁላቸው።