ጥቁሩን ሳሊብ ላይ

ከትናንት ወዲያ ጎረቤቴ ባለው ጋራዥ ባትሪ ከልክ በላይ ቻርጅ ሲያደርጉ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ በመስኮቴ ገባ። ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ሰው መደብደብ ያምረኛል። ማንን እንደሆነም አውቀዋለሁ።

በየመን ጦርነት ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ጂዛን ውስጥ አል-ሙወሰም ከምትባል የድንበር ከተማ ዳር የማንጎ እርሻ ላይ እሠራ ነበር። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ነበረኝ፤ ሥራዬም ትልቁን የናፍጣ ሞተር እያስነሣሁ ከጉድጓድ ውሃ መሳብ ነበር። በተራራው በኩል መድፍ ሲያጓራ የሞተር ቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። አሠሪያችን፣ በአረቦቹ አጠራር ከፊሉ፣ ቤተሰቡን ወደ ጂዛን ከተማ አሽሽቶ እኛን እዚያው ትቶናል። ለማንጎው ግን ይሳሳ ነበር።

«እኛ» ስል እኔና ጓደኛዬ ነን። ሁለታችንም ወሎዬዎች ነን፤ እኔ እስላም፣ እሱ የቄስ ልጅ። በየመን አቋርጦ የገባ፣ ወረቀት የሌለው፣ እዚያ መጅሁል የሚሉት ዓይነት ሰው ነበር። አረብኛው ገና ጥሬ ነው። መጀመሪያ የያዘው ቃል ሰሊብ ነበር፤ መስቀል ማለት ነው። የመን ላይ ያሻገሩት ደላሎች የአንገቱን ክር ከነመስቀሉ በጥሰው ሲወስዱበት «ሰሊብ፣ ሰሊብ» እየተባባሉ ሲስቁ ሰምቷል። እንዲህ ያለ ቃል አይረሳም።

አንድ ጠዋት ከእርሻው ጫፍ ቱቦ የደፈነ አሸዋ ስጠርግ ከፊሉ በፒካፑ መጣ። ሞተሩ ቆሞ በመሰንበቱ ባትሪው ሞቷል። መድፉ ስለቀረበ ሰውየው ቶሎ መመለስ ፈልጓል፤ እኔን ጥራው እንኳ አላለም። ኢሽቲራክ የሚባለውን፣ ከመኪና ባትሪ ኃይል የሚዋሱበትን ገመድ፣ ለጓደኛዬ ወረወረለት። ከፊሉ ራሱ ግን የኤሲው ቅዝቃዜ እንዳይወጣበት መስታወቱን ትንሽ ብቻ ከፍቶ ከመቀመጫው ይጮሃል። እኔ ድረስ ተሰማኝ።

«ጥቁሩን ሳሊብ ላይ! ያላ፣ ያላ!»

ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ፈነዳ። መድፍ መስሎኝ መሬት ላይ ተኛሁ። ቀና ስል ግን ያ ሽታ መጣ፤ የጓደኛዬም ጩኸት ተከተለ።

ስደርስ ተንበርክኮ ፊቱን ይዟል። ባትሪው ፈንድቶ አሲዱ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። የመጠጥ ውሃችንን ከነጀሪካኑ አፈሰስኩበት፤ ወዲያው አለቀ። «ሐኪም ቤት እንውሰደው!» አልኩት ከፊሉን።

«መጅሁል ነው። የፖሊስ ደውሪያ ቢይዘኝ የምቀጣው እኔ ነኝ። ኸላስ፣ ሞተሩን አስነሣ።»

አጠገቤ የወደቀውን ትልቅ መፍቻ አየሁት። አናቱን ባልኩት ኖሮ! ግን ለጓደኛዬ ዓይን የሚያስፈልገው ውሃ ያለው ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ ከዚያ የሚያወጣው ደግሞ ያው ሞተር ነው። ስለዚህ ንዴቴን ዋጥኩና ቀስ ብዬ መሥራት ጀመርኩ። መኪናውን አስጠፋሁ። የፈነዳውን ባትሪ ፈትቼ አወጣሁ። ቀዩን ገመድ ወደ ሞተሩ ማስነሻ ከሚሄደው ቀይ ሽቦ ጋር፣ ከዚያም ከመኪናው ባትሪ ፖዘቲቭ ጋር አያያዝኩ። ጥቁሩን ከመኪናው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ጫፉን ደግሞ ከባትሪ ራቅ አድርጌ የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ቆነጠጥኩ፤ ብልጭታው እዚያ እንዲቀር። መኪናው ተነሣ፤ የሞተሩን ቁልፍ አዞርኩ። አስሎ፣ ነጭ ጭስ ተፍቶ ተነሣ።

«ውሃውን ልቀቅ!» ይላል ከፊሉ።

ቀዝቃዛ ሞተር ወዲያው ጭነት ከጫኑበት ይታነቃል። ቢጠፋ ዳግም መነሣቱን በምን አውቃለሁ? ጓደኛዬ «ዓይኔን! ዓይኔን!» እያለ መሬቱን ይቧጥጣል፤ እኔ እጄን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ ሙቀቱን እጠብቃለሁ። እንደዚያች ቅጽበት የጠላኋት ነገር የለም። ድምፁ ሲስተካከል፣ ጭሱም ሲጠራ ፓምፑን አገናኘሁ። ውሃው መጣ፤ የጓደኛዬን ራስ አቅፌ ቱቦው ሥር ያዝኩት። ከፊሉ ውሃው ለማንጎው አልደረሰም ብሎ ይሰድበናል።

«ወንድም ዓለም፣» አለኝ ጓደኛዬ በውሃው መሀል፣ «ሰሊብ አይደል ያለኝ? መስቀሉ ላይ ነው እኮ ያሰርኩት።»

ያኔ ገባኝ። ሳሊብ በአረብኛ ኔጌቲቭ ማለት ነው። እሱ የሰማው ሰሊብን ነው፤ ባትሪው ላይ ያለችው የመደመር ምልክት ደግሞ ቁርጥ መስቀል ናት። ጥቁሩን ገመድ ፖዘቲቭ ላይ አስሮታል። ያ ከይሲ ከመኪናው ወርዶ በጣቱ ቢያሳየው ምን ነበረበት?

«ልክ ነህ፣» አልኩት። «ባትሪው አርጅቶ ነው።»

ቀኝ ዓይኑ ዳነ፤ ግራው ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ደውሪያ መንገድ ላይ ይዞት ወደ አገሩ ተላከ። እኔም በኋላ ተመለስኩ። ስልክ እንደዋወላለን፤ ስለዚያ ቀን ግን አናነሣም።

ባለፈው ወር ደወለልኝ። እህል ወፍጮ ቤት ሥራ አግኝቷል፤ ደስ ብሎታል። የወፍጮው ባትሪ ስለሞተ በመኪና ሊያስነሡት ነው።

«ጥቁሩን መስቀሉ ላይ ነው አይደል?» አለኝ።

«አይደለም! ቀዩን ነው! እንዳትነካው!»

ከኋላው ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል።

«እንግዲያው ዓይኔን ያጠፋሁት እኔው ነኛ፣» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ አይደለህም!» ብዬ ጮኽኩ። ስልኩን ግን ዘግቶት ነበር።